ዳኛውም ባለጉዳዩም አንድ ሲሆን፦ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶችና የቅርስ መዝገብ



አራዳ ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ልጅነቴን ያሳለፍሁበት ቤት ነበር። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ጣራው የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ በእንጨት ቅርጻ ቅርጽ የተዋበ ሰገነት ነበረው። ማን እንዳሠራው በግቢያችን ሁለት ታሪክ ይነገር ነበር። አያቴ «የደጃዝማች ቤት ነው» ትላለች፤ ጎረቤታችን የነበሩት አዛውንት ደግሞ «የአርመን ነጋዴ ነው ያሠራው» እያሉ ይከራከሯታል። የቀበሌው መዝገብ በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም። እርሱ የሚያውቀው የቤቱን ቁጥርና የወር ኪራዩን ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ ሰፈሩ ሊነሣ ነው የሚለው ወሬ እርግጥ እየሆነ ሲመጣ፣ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ አንድ ቢሮ ሄድሁ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠየቅሁ። የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ሰው ነበር፤ ዝርዝሩን ፈልጎ «የለም» አለኝ። «ተጠንቶ ነው የተጣለው ወይስ መጀመሪያውኑ አልተጠናም?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «እርሱን እኔ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ያለው የተመዘገቡት ስም ዝርዝር ነው» ሲል መለሰልኝ። በመጋቢት ቤቱ ፈረሰ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለ ቤቱ ለማልቀስ አይደለም። ያ ወጣት ሳያስበው የተናገራት ዐረፍተ ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። የቅርስ መዝገብ ሁለት ዓይነት ዝምታ አለው። አንዱ «መርምረን አይገባውም ብለናል» የሚል ዝምታ ነው፤ ሌላው «አላየነውም» የሚል ነው። ሁለቱ ዝምታዎች በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ የአፍራሹ ማሽንም አይለያቸውም። አንድ ቤት ችሎት ሳይሰየምለት የተፈረደበት መሆኑ የሚታወቀው ከፈረሰ በኋላ ነው። እንግዲህ የሚቀጥለው ጥያቄ ችሎቱ የማን ነው የሚል ይሆናል። ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ታሪክ መመለስ ግድ ይላል።

ቅርስ በዓመተ ምሕረት ሲለካ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ አዋጅ ቁጥር 229 የተባለ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ወጣ። ሕጉ ጥንታዊ ቅርስ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም ቁርጥ ያለ ድንበር አበጀ፦ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነገር። አንባቢ ይህችን ዓመት ልብ ይበልልኝ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። በመሆኑም በዚያ ሕግ ዓይን በመናገሻ ከተማይቱ ውስጥ አንድም ቅርስ ሊሆን የሚችል ቤት አልነበረም። የምኒልክ ግቢ አልነበረም፤ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል አልነበረም፤ የአድዋ ድል የተመታው በ1888 ዓ.ም. ነውና ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ሕንጻ ሁሉ ከድንበሩ ውጭ ነበር።

የሕጉን አርቃቂዎች ለመውቀስ አልቸኩልም። በዚያን ጊዜ ቅርስ ሲባል በሁሉም ሰው ልቡና የሚመጣው አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ነበር። የሕጉም ዋና ጭንቀት ከመሬት የሚወጣና በየገዳሙ የሚገኝ ጥንታዊ ዕቃ ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ነበር። ሰው በሕይወት እያለ የተሠራን ቤት ታሪክ ብሎ መጥራት ለማናችንም ይከብዳል፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ነገር ግን የዓመት ድንበር አንድ በጎ ጠባይ ነበረው፤ ማንም ሰው ሊያነበውና ሊከራከርበት ይችል ነበር። ክፋቱ ደግሞ የምንኖርበትን ከተማ ያለ ታሪክ ማስቀረቱ ነው።

ቤቱ ባለቤት አልባ ሲሆን

ያቺ ታሪክ የላትም የተባለች ከተማ ግን በታሪክ የተሞላች ነበረች። በአራዳ ገበያ ዙሪያ የአርመን፣ የህንድና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅና መኖሪያ ይሠሩ ነበር፤ መኳንንቱም በየተሰጣቸው ሰፈር ግቢያቸውን ያበጁ ነበር። የኢትዮጵያ ጭቃ፣ የውጭ አገር ቆርቆሮና የህንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ተዋሕደው የትም ያልነበረ የአዲስ አበባ ቤት ተወለደ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ሊሠራት ሲነሣ የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወሰደው። አራዳም ፒያሳ ተባለች። ስሙን ወራሪው ቢተክለውም ከነጻነት በኋላ የአገሬው ሰው የራሱ አደረገውና ፒያሳ የአዲስ አበቤ ቃል ሆነች።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለብዙ ጭሰኛና ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። በቤቶቹ ላይ ያደረሰው ግን ሌላ ነገር ነው። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለየቀበሌው ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ለስድስት ቤተሰብ ሆነ። የእኛም እንዲሁ ነበር። ጭቃ ቤት በየጊዜው መመረግ፣ ቆርቆሮውም መጠገን ይፈልጋል። ቀበሌው ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ለዚህ የሚተርፍ አልነበረውም፤ ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት አይችልም። ቤቶቹ ያረጁት ስላረጁ ብቻ አይደለም። የሚጠግናቸው ባለቤት ስለጠፋ ነው።

ይህ ነገር ኋላ የሚያመጣውን ልብ እንበል። አርባና ሃምሳ ዓመት ሳይጠገን የኖረን ቤት ሄዶ የሚያየው ባለሙያ የሚያገኘው የጎበጠ ግድግዳና የሚያፈስ ጣራ ነው። «ለመኖሪያ የማይመች፣ የተጎሳቆለ» ብሎ ይጽፋል። የጻፈውም እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱን ያጎሳቆለው አካልና የጉስቁልናውን ማስረጃ የሚያጸድቀው አካል አንድ መንግሥት ነው።

ሚዛኑ ሲለወጥ መዛኙ ማን ሆነ?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የድሮው የዓመት ድንበር የለበትም። በእርሱ ትርጓሜ ቅርስ ማለት የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነ፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ዕድሜ ቀርቶ ዋጋ መጣ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ በሁለት መደባቸው። የፌዴራሉ የቅርስ ተቋም የአገር የሚባሉትን ይዞ፣ የሰፈር ቤት ዕጣ ባመዛኙ በከተማው አስተዳደር እጅ ወደቀ።

ትርጓሜው ከድሮው እጅግ የተሻለ ነው። በዚህ ትርጓሜ አዲስ አበባ በሕግ ፊት ታሪክ ያላት ከተማ ናት። ዳሩ ግን «ከፍተኛ ዋጋ» የሚለው ቃል እንደ 1850 ዓ.ም. ማንም የሚያነበው ቁጥር አይደለም። መዛኝ ይፈልጋል። መዛኙም ሰው ነውና የሚያውቀውን ይመዝናል። በየትኛውም አገር የቅርስ መዛኝ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፦ ስንት ዓመቱ ነው? አሠራሩ ምን ልዩ ነገር አለው? ማን ኖረበት? ምን ተደረገበት? በእኛ አገር ከአራቱ ሁሉ ጉልበት ያለው ሦስተኛው ይመስለኛል። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ተረፈ፤ የሼህ ሆጀሌ ቤተ መንግሥት እስከ ስሙ ይታወቃል። ባለ ስም ቤት ጠያቂ አያጣም። የልብስ ሰፊው፣ የጠጅ ነጋዴዋና የአንጥረኛው ቤት ግን ስም የለውም፤ ስሙ የሰፈሩ ስም ነው፤ ሰፈር ደግሞ በመዝገብ ላይ በአንድ ቁጥር አይገባም። አያቴ «የደጃዝማች ቤት ነው» እያለች የምትሟገተው ለካ በከንቱ አልነበረም። ስም ቤትን እንደሚያድን ሳትማር ታውቅ ኖሯል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህም ይከፋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ እስከ ዛሬም ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታውን ለአልሚ የሚያስተላልፈውና ገቢውን የሚሰበስበው የከተማው አስተዳደር ነው። የቀበሌ ቤቶቹም የእርሱ ናቸው። ፕላኑን የሚያወጣውም እርሱ ነው። የማፍረሻ ትእዛዝ የሚሰጠውም፣ ያንኑ ቤት ቅርስ ነው አይደለም ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍረውም እርሱው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ማንንም ሌባ እያልሁ አይደለም። የቅርስ ባለሙያዎቹ አብዛኛዎቹ ቅን ልጆች እንደሆኑ አምናለሁ፤ ያገኘሁትም ወጣት ከእነርሱ አንዱ ነበር። ነገር ግን ባለጉዳዩ ራሱ በዳኝነት ወንበር የተቀመጠበት ችሎት፣ ዳኛው ጻድቅ ቢሆን እንኳ፣ ፍርዱ አይታመንም። ሽማግሌ ተቀምጦ የሚታረቅ ሕዝብ ይህን ለማወቅ የሕግ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

የኒው ዮርኩ ባቡር ጣቢያ

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። አንባቢ «ከኒው ዮርክ ጋር ምን አገናኘን?» ይለኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የዚያች ከተማ ታሪክ ከእኛው ጋር በአንድ ነጥብ ይገናኛል፤ እነርሱም ሕግ ያወጡት ካፈረሱ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈተው የፔንሲልቬኒያ ባቡር ጣቢያ እንደ ጥንታዊ የሮም አዳራሽ በዕብነ በረድና በዓምድ የተሠራ ነበር። ባለቤቱ የባቡር ኩባንያ ገንዘብ ሲቸግረው በቦታው ላይ ሌላ ሊሠራ እ.ኤ.አ. በ1963 ማፍረስ ጀመረ። አርክቴክቶች ሰልፍ ወጡ፤ የሚያስቆም ሕግ ግን አልነበረም። ሐውልቶቹ ተሰባብረው በጎረቤት ክፍለ ሀገር ረግረግ ውስጥ ተጣሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ከተማዋ የቅርስ ሕንጻዎች ኮሚሽን አቋቋመች። የኮሚሽኑ አባላት አሥራ አንድ ናቸው፤ ከመካከላቸው አርክቴክቶች፣ የታሪክ ባለሙያ፣ የከተማ ፕላን ወይም የመልክዐ ምድር ንድፍ ባለሙያና የቤትና የቦታ ሻጭ መኖር አለባቸው፤ ከአምስቱም የከተማዋ ክፍሎች ነዋሪ መወከል አለበት። ለመመዝገብ ሕንጻው ቢያንስ ሠላሳ ዓመት የሞላው መሆን ይኖርበታል። ከመወሰኑ በፊት በአደባባይ ይሰማል፤ ባለቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ የሚቃወመውም ይናገራል። የኮሚሽኑ ውሳኔ ደግሞ በከተማው ምክር ቤት ሊጸድቅም ሊሻርም ይችላል።

ይህ ሥርዓት የተፈተነው በሌላ ባቡር ጣቢያ ነው። የግራንድ ሴንትራል ባለቤቶች በጣቢያው ላይ ከ50 ፎቅ በላይ የሆነ ማማ ሊሠሩ ጠየቁ፤ ኮሚሽኑ ከለከለ፤ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1978 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ተፈረደ። ባለቤቱም ባዶ እጁን አልቀረም፤ በጣቢያው ላይ እንዳይሠራ የተከለከለውን የመገንባት መብት በአቅራቢያው ወዳሉ ቦታዎች እንዲያዛውር ተፈቅዶለት ነበር።

ኒው ዮርክን የማወድሰው ፍጹም ስለሆነች አይደለም። እዚያም ቅርስ የሚባለው ሰፈር ኪራዩ ይወደዳል፤ ድሃው ይገፋል ብለው የሚከሱ አሉ። የማደንቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ አንድ ቤት ሲወድቅ ወይም ሲተርፍ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደወሰነ የሚነበብ ወረቀት አለ። ከሳሽና ተከሳሽ ተለያይተው ቆመዋል፤ ሦስተኛው ያያቸዋል።

የሚያፈሰው ጣራ ሙግት

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ልስማ። እንደ እኛ ባለ ግቢ ያደገ ሰው ይህን ተቃውሞ ችላ ካለ ታማኝ አይሆንም። «ቅርስ፣ ቅርስ የምትሉት ጣራ የማያፈስባችሁ ናችሁ» ይባላል። ልክ ነው። ስድስት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት ይጋራ ነበር። በክረምት ከጣራው ሥር ሳፋ እየደረደርን ነበር የምናድረው። ከጎረቤቶቻችን መካከል አዲስ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው እልል ያሉ አሉ፤ ከሰፈር፣ ከእድርና ከሥራቸው ተነቅለው ዳር ሲጣሉ ያለቀሱም አሉ። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። በሌላ ሰው ጭቃ ግድግዳ ፎቶ እየተነሡ «አታፍርሱት» ማለት ቀላል ነው።

ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የሚመታው ማንን ነው? ጣራውን ሳይጠግን ኪራይ የሰበሰበውን ወይስ ቤቱን? ድሃን ከሚያፈስ ጣራ ማውጣትና ቤትን ማፍረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሕዝቡ ተገቢ መኖሪያ አግኝቶ ቤቱ ሊጠገን ይችል ነበር። የማይጠገነውም ተለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ታሪኩ ከነዋሪው አንደበት ተጽፎ ሊወርድ ይችል ነበር። ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ውሳኔው ከማፍረሻው ቀድሞ ሲሰጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. በካሳንቺስ የኮሪደር ልማቱ ሲያልፍ ከየአቅጣጫው የምሰማው አባባል «ያረጀ ሁሉ ቅርስ አይደለም» የሚል ነበር። እኔም እስማማለሁ! ያረጀ ሁሉ ቅርስ ቢሆን ከተማ መቃብር ይሆናል። ስለዚህም ነው መለየት የሚያስፈልገው፤ መለየት ደግሞ ቤት በቤት ማየትን ይጠይቃል። ይህን አባባል የሚናገር ሁሉ ሳያውቀው አንድ ግዴታ ይገባል፤ የትኛው እንደታየና የትኛው እንዳልታየ የማሳየት ግዴታ። ካሳንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው፤ እነዚያ ቤቶች የወራሪ ናቸውና ይውደቁ የሚል ሰው መከራከሪያ አለው። የታሪክ ምስክር ናቸውና ይቆዩ የሚለውም አለው። ክርክሩ በአደባባይ ቢደረግ ሁለታችንም አንድ ነገር እንማር ነበር።

መመዝገብም ብቻውን መዳን እንዳልሆነ አልዘነጋሁም። የጣይቱ ሆቴል ክብሩ በአገር የታወቀ ሆኖ ሳለ በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ በእሳት የተጎዳ ሰሞን ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ሕጉ የቅርስ ባለይዞታን በራሱ ወጪ ጠብቅ ይለዋል። አቅም የሌለው ባለይዞታ ቅርስ ነህ ሲባል የሚሰማው እዳ እንጂ ክብር ላይሆን ይችላል። ገንዘብ የማይከተለው መዝገብ ቤቱን ቀስ ብሎ ያፈርሰዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ መዝገቡ ሁለት ዓምድ ይኑረው፦ የተመዘገቡትም፣ ተጠንተው ያልተቀበሉትም ከነምክንያታቸው ይታተሙ። ያልተጠናው ያን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ሁለተኛ፣ ያልተጠና ቤት ሳይጠና አይፍረስ። ሦስተኛ፣ ከማፍረስ በፊት ነዋሪው የሚሰማበት ቀን ይቆረጥ፤ የቤቱን ታሪክ ከነዋሪው በላይ የሚያውቅ የለምና። አራተኛና ዋናው፣ ቅርስ የሚለየው ወንበር መሬት ከሚያስተላልፈው ወንበር ይለይ፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የአርክቴክቶች ማኅበሩና የሰፈሩ ሰው ይቀመጡበት፤ በውሳኔው ያዘነ ይግባኝ የሚልበት ይኑረው። ይህ ሁሉ ሆኖ ቤቴ «አይገባውም» ተብሎ ቢፈርስ ኖሮ አዝን ነበር፤ ቅሬታ ግን ባልኖረኝ።

አሁን ይህን የምጽፈው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ዝርዝሩን ለማየት የሄድሁት ሰፈሩ ሊነሣ ወር ሲቀረው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰገነት ሥር ስገባ ስወጣ ማን እንዳሠራው ለማጣራት አንድ ቀን እንኳ አልተነሣሁም። የደጃዝማች ይሁን የአርመን፣ አያቴም ጎረቤቷም አልፈዋል፤ ቤቱም የለም፤ ክርክሩ እልባት ሳያገኝ ቀረ። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ድሬዳዋ ወይም ጅማ ያላችሁ አንባብያን ግን ገና ጊዜ አላችሁ። በሰፈራችሁ ያለውን አሮጌ ቤት ታሪክ ከሚያውቁት ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ፎቶውን አንሡ። ከዚያ ወደሚመለከተው ቢሮ ሂዱና እኔ ዘግይቼ የጠየቅሁትን ጥያቄ ጠይቁ፦ «በመዝገቡ የሌለው ታይቶ ነው ወይስ ሳይታይ?»

ቸር ያሰማን።